ከጠዳ እስከ ጣና፤ መገጭ የሚሸከመው አፈር

ከጎንደር ተነሥቶ በባሕር ዳር መንገድ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው አዘዞን አልፎ ወደ ጠዳ ሲቃረብ አንድ ድልድይ ይሻገራል። ጊዜው በጋ እንደ ሆነ ከድልድዩ በታች የሚያየው የድንጋይና የአሸዋ ሜዳ፣ በመካከሉም እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ብቻ ነው። መንገደኛው ምናልባት «ለዚህች ውሃ ይህን ያህል ድልድይ ምን አስፈለጋት?» ብሎ ያልፍ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ የመጣ ግን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ይህ ወንዝ መገጭ ነው።

እኔ በጠዳ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለፈው መስከረም ትምህርት እንደ ተከፈተ ስለ ወንዞች ሥራ ማስረዳት ጀመርሁ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የግብጽን የናይል አፍና የአሜሪካውን ሚሲሲፒ ሥዬ፣ ወንዝ አፈርን ከላይ አምጥቶ በታች እንደሚያስቀምጥ አስረዳሁ። በዚህ ጊዜ ቤታቸው ከወንዝ ዳር የሆነ አንድ ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፣ ያባቴ መሬትስ የት ሄደች?» አለኝ። ክፍሉ ሣቀ። ልጁ ግን አልሣቀም። በዚያ ክረምት መገጭ ግማሽ ጥማድ የሚሆን ማሳቸውን ቈርሶ ወስዶ ነበር። ስለ ሚሲሲፒ ስናገር ያላፈርሁት መምህር፣ ከበራችን ስላለው ወንዝ መልስ አጣሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጧት ባዶ ጠርሙስ ይዘን፣ እርሱና ሁለት ጓደኞቹ፣ እኔም አራተኛ ሆኜ ወደ ወንዙ ወረድን።

የመገጭን ጠባይ ለማወቅ በመጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ምንጩ ከጎንደር በስተሰሜን ካለው ደጋ ነው። የጎንደርን ከተማ ግራና ቀኝ ይዘው የሚወርዱት ቀሃና አንገረብም ከከተማዋ በታች ተገናኝተው ውሃቸውን ለእርሱ ይሰጣሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትገኝ፣ የጣና ሐይቅ ከፍታ ግን 1,785 ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡም ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ አይዘንብም፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወሮች ይወርዳል። ገና በታረሰና ቡቃያ ባልሸፈነው ቁልቁለት ላይ ይህ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ፣ ውሃው ወደ መሬት ሰርጎ እስኪገባ አይታገሥም። አፈሩን ይዞ ይሮጣል። ደራሽ ውሃ የምንለው ይህንን ነው፤ እታች ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ላይ የዘነበው ዝናብ በድንገት ይደርሳል።

የውሃ ጉልበት ያለው በፍጥነቱ ነው። በሒሳብ እንደሚታየው የወንዝ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን፣ ሊያንከባልል የሚችለው የድንጋይ ክብደት 64 ጊዜ ይጨምራል። በበጋ ጠጠር እንኳ መግፋት ያቃተው መገጭ በነሐሴ ቋጥኝ የሚያንከባልልበት ምክንያት ይኸው ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ ሸክሙን በየተራ ያራግፋል፤ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻም ደቃቁን ደለል።

ይህንን በጠርሙሳችን አየነው። ከደፈረሰው ውሃ ቀድተን ስናቆመው አሸዋው ወዲያው ከሥር ተኛ። ቀጥሎ ደለሉ ቀስ እያለ ወረደ። ሰኞ ክፍል ስንገባ ግን ውሃው ገና አልጠራም ነበር። እጅግ የላመው የሸክላ አፈር አንዲት ጣት የምታህል ጥልቀት ለመውረድ እንኳ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታልና። ተማሪዎቹ ጠርሙሱን በመስኮቱ ላይ አኑረው በየዕረፍቱ ይመለከቱት ነበር።

የልጁ አባት ወንዝ ዳር ተቀብለውን የተቈረሰውን ማሳ አሳዩን። ቦታው ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ ነው። በመታጠፊያ ላይ ውሃው በውጭኛው ዳር ሲፈጥን በውስጠኛው ዳር ይዘገያል፤ ስለዚህ ውጭኛውን እየቈረሰ ውስጠኛውን በአሸዋ ይሞላል። የእርሳቸው ማሳ በውጭኛው በኩል ነው። በወዲያኛው ማዶ አዲስ የአሸዋ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። ይህንን ለማስረዳት አፌን ስከፍት እርሳቸው ቀደሙኝና፦

«መምህር፣ ወንዙን አልከሰውም» አሉኝ። «እዚህ ዳር ላይ አባቴ የተወው አኻያ ነበረ። ሁለት ትልም እጨምራለሁ ብዬ የቈረጥሁት እኔው ነኝ። ሁለት ትልም አገኘሁ፤ ይኸው ግማሽ ጥማድ ወሰደብኝ።»

እኔ በመጽሐፍ የተማርሁትን እርሳቸው በማሳቸው ከፍለው ተምረውት ነበር።

የቀረው ጥያቄ አፈሩ የት ሄደ የሚለው ነው። በጥቅምት ይህንኑ ለማየት ወደ ደንቢያ ሜዳ ወረድሁ። ከዚያ ሲደርስ መገጭ ሌላ ወንዝ ይሆናል። መሬቱ ገበታ ስለሆነ ውሃው ይዘገያል፤ ሸክሙንም ማውረድ ይጀምራል። አሸዋው በወንዙ ሆድና በዳር በዳሩ ሲከመር፣ የወንዙ ሆድ ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፤ በሚቀጥለው ክረምትም ውሃው በቀላሉ ከዳሩ ይወጣል። ጣና ራሱ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ስለሆነ፣ በክረምቱ መጨረሻ ወንዙ መፍሰሻ ያጣል፣ ወደ ኋላም ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ በደንቢያና በፎገራ የደረሰው መጥለቅለቅ ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ ያፈናቀለ ነበር።

ሆኖም ጎርፉ የሚሰጠውም አለ። ውሃው ሲሸሽ አዲስ ደለልና እርጥበት ትቶ ይሄዳል። ሐይቁ ወደ ኋላ ሲል የሚገለጠውን መሬት ሕዝቡ ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ በዚህም ዝናብ ሳይጠበቅ በተረፈው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ከላይ ያለው ገበሬ «አፈሬ ተወሰደ» ሲል ከታች ያለው «መሬቴ ታደሰ» ይላል። ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ አፈር ነው።

ስለ ዓባይ ማደሪያ የለውም፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ከልጅነታችን ሰምተናል። ብዙዎቻችን የመገጭም አፈር ተከትሎት ወደ ግብጽ የሚወርድ ይመስለናል። ነገር ግን እንዲህ አይደለም። መገጭ ማደሪያ አለው፤ ማደሪያውም ጣና ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋው ሐይቅ ውስጥ ውሃው ያርፋል፤ ልክ እንደ ጠርሙሳችን፣ ደለሉም አብዛኛው ከሥር ይተኛል። ዓባይን የሚያደፈርሰው አፈር የሚበዛው ከጣና በታች ካሉት ገባር ወንዞች ነው። የጠዳ አፈር ግን ካገር አይወጣም። ጣና ደግሞ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙ አይበልጥም። እምቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው በዚሁ በሰሜናዊው ዳርቻ በኩል ነው፤ ወንዞች ከማሳ አጥበው የሚያመጡት ምግብም ያፋፋዋል።

ነገሩ የገበሬው ብቻ እንዳይመስለን። ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ሆዱ በደለል እየጠበበ መሄዱ የታወቀ ነው። ከዳገት ላይ የታጠበው አፈር በከተማ የቧንቧ ውሃ እጥረት ሆኖ ይመለሳል። በመገጭ ላይ ሲሠራ ብዙ ዓመታት ያስቈጠረው ግድብም ከዚሁ ወንዝ ጋር የሚኖር ነው። ዕድሜው የሚለካው በሲሚንቶው ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ከላይ ባለው ቁልቁለት እርከንና ሣርም ጭምር ነው። ገበሬው በማሳው ላይ አግድም የሚያወጣው ፈሰስ ትርፉን ውሃ ከእህሉ ያወጣለታል፤ ነገር ግን አለቅጥ ወደ ታች ከቀናና መውጫው በሣር ወይም በድንጋይ ካልተጠበቀ፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ቦረቦር ይሆናል። ይህንን በቢሮ ወረቀት የሚያዘጋጅም፣ በመስክ የሚሠራም ሊያስበው ይገባል።

ወደ ክፍል ተመልሼ ለዚያ ተማሪ እንዲህ ስል መለስሁለት፦ «ያባትህ መሬት አሸዋዋ ከደንቢያ በላይ ቀርታለች፤ ደለሏ የአንድ የደንቢያ ገበሬ ሽምብራ አብቅላለች፤ ሸክላዋ ከጣና ሥር ተኝታለች።» ልጁ ጥቂት ዝም አለና «እንግዲያስ አትመለስም» አለኝ። አዎን፣ አትመለስም።

በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ያንን መታጠፊያ እንደ ገና ሄጄ አየሁት። አባትዬው ከቀረው ማሳ ላይ ሁለት ትልም ያህል ሳያርሱ ትተው፣ በዳሩ የአኻያ ቅርንጫፍ በረድፍ ተክለዋል። ልጁ ከጎናቸው ቆሞ ጉድጓድ ይቈፍር ነበር። ጠርሙሱ እስከ ዛሬ ከክፍላችን መስኮት ላይ አለ፤ ውሃው ጠርቷል፤ ከሥሩም የተኛው አፈር ሦስት መስመር ሆኖ ይታያል።