ወንዝ ማዶ ያለችው አሌክሳንድርያ

እስክንድርያ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የግብጿን ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ስለ ሌላዋ ነው። ይህችኛዋ አሌክሳንድርያ የምትገኘው በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂንያ ነው። ከዋና ከተማው ከዋሽንግተን የሚለያት የፖቶማክ ወንዝ ነው።

ከዋሽንግተን በባቡር ተነሣን። ባቡሩ መጀመሪያ የሚሄደው በምድር ውስጥ ነው። ከዚያ ብቅ ይልና ወንዙን በድልድይ ይሻገራል። ኪንግ ስትሪት ከሚባለው ጣቢያ ወረድን።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1749 እ.ኤ.አ. ነው። በወንዙ ዳር ያለው አሮጌ ሰፈር ቀይ ጡብ በጡብ ነው። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቆመዋል። የእግረኛው መንገድ ሳይቀር ጡብ ነው። ያምራል፤ ግን ያደናቅፋል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ረጃጅም ፎቆች አሉ። ሳውዘርን ታወርስ በሚባሉት ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እዚያ አማርኛ ብትሰሙ አይግረማችሁ።

የከተማዋ ስፋት 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ 159,467 ሰው ተቆጥሮባታል። ዋሽንግተን የሚሠራው ሁሉ እዚህ ማደር ይፈልጋል። ስለዚህ ኪራዩ ውድ ነው። ቤት መግዛትማ አይነሣ!

ገቢው አነስተኛ ለሆነ ተከራይ አንድ መላ አለ። ቫውቸር ይሉታል። መሠረቱ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ የመላው አሜሪካ ሕግ ነው። ቤተሰቡ ለኪራይ የሚከፍለው ከገቢው ከመቶ 30 ያህሉን ነው። በወር 2,000 ዶላር ያገኛል እንበል። ከኪሱ 600 ያህል ይከፍላል። ኪራዩ ከተወሰነው ልክ ካላለፈ፣ የቀረውን መንግሥት ለአከራዩ ይከፍላል። ነገሩ መልካም ነው፤ ወረፋው ግን ዓመታት ያስጠብቃል። ደጅ መጥናት እዚያም አለ።

ቤት ላለው ሰው ደግሞ የማሳደሻ ብድር አለ። ሰው ቤት ስላለው ብቻ ገንዘብ አለው ማለት አይደለም። የጡረተኛ ቤት ጣራው ያፈሳል፤ ቧንቧው ይዝጋል፤ በበረዶው ወራት ማሞቂያው ይቆማል። የከተማው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ገቢው ዝቅ ላለና በቤቱ ለሚኖር ባለቤት ያበድራል። ብድሩ ወለድ የለውም። በየወሩም አይከፈልም። የሚመለሰው ቤቱ ሲሸጥ ወይም ለሌላ ሲዛወር ነው። ገንዘቡ በእጅ አይሰጥም። ባለሙያ ቤቱን ያያል፤ ተቋራጭ ይሠራል፤ ሥራው ታይቶ ይከፈላል። ይህን ወደድነው። በእጅ የገባ ገንዘብ ጣራ ላይ ሳይደርስ ያልቃላ!

አንዲት የጎጃም ሰው አገኘን። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ቤቱ የራሳቸው ነው።

«እማማ፣ ብድሩን ወሰዱ?» አልናቸው።

«ምን አስቸኮለኝ ልጆቼ! እኔ የማውቀው አራጣ ነው። ወለድ የለውም ሲሉኝ ጊዜ ፈራሁ። ልጄን ወረቀቱን አንብብልኝ አልኩት። ‹ለሌላ ሲዛወር› የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ቁም አልኩት። ሌላ ማለት አንተም ነህ ወይ? እኔ ስሞት ዕዳው ባንተ ላይ ሊመጣ ነው ወይ? ይህን ጠይቀህ ካላመጣህልኝ አልፈርምም።»

እኛም ልክ ናቸው አልን። ምክንያቱም ብድሩ ስጦታ አይደለም። ዕዳው በመዝገብ በቤቱ ላይ ይጻፋል። መያዣው ራሱ ቤቱ ነው። ጣራው ሲታደስ ሁሉም ያየዋል፤ መዝገቡን ግን የሚያየው ያነበበ ብቻ ነው። ከተማው ማስታወቂያዎቹን በአማርኛም ያወጣል። አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

ቤት የሌለው ይህን ብድር አያገኝም። አካሉ የተጎዳ ተከራይ ከሆነ ግን ሌላ እርዳታ አለ። በተሽከርካሪ ወንበር እንዲገባ በሩ ይሰፋለታል፤ መታጠቢያ ቤቱ ይስተካከልለታል። ለዚህ የአከራዩ ፈቃድ ያስፈልጋል።