ዜሮ እና ባዶ አንድ አይደሉም

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በአንድ የትራንዚት ቢሮ የዳታቤዝ ሥራ እሠራለሁ። ነጋዴዎች «ምንድን ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ መልሴ አጭር ነው። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሆናችሁ በስልካችሁ የኮንቴነር ቁጥር ስታስገቡ ጥያቄው ወደ ዳታቤዛችን ይመጣል። ዳታቤዙ መልሱን በረድፍና በዓምድ ያወጣል፤ ኤፒአይ የሚባለው መሃል አገናኝ ደግሞ ጄሰን በሚባል ቅርጽ ጠቅልሎ ይልክላችኋል። ጄሰን ስምና ዋጋ ጎን ለጎን የሚጻፍበት ተራ ጽሑፍ ነው፤ «ዕቃ፦ ጎማ፣ ብዛት፦ 200» እንደማለት።

ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ኪሳራ የሚመጣው ግን ከዚሁ አጠቃለል ነው።

የወደብ ኪራዩ ገና ካልተሰላ በዳታቤዙ ውስጥ ቦታው ባዶ ነው። ባዶውን ዜሮ አድርጎ የሚልክ ፕሮግራም አይቻለሁ። ባለዕቃዋ «ክፍያ፦ 0» ሲላት «ተመስገን፣ ዕዳ የለብኝም» ብላ በጋላፊ በኩል መኪና ትልካለች። ሾፌሩ ዶራሌ ደርሶ ሂሳቡ እስኪጣራ ይቆማል፤ የመኪናው ቀን ይቆጠራል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያው ይሄዳል። ጄሰን ለዚህ «ነል» የሚባል የራሱ ቃል አለው። ዋጋ አልተሞላም ማለት እንጂ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጄሰን የቀን ዓይነት የለውም፤ ቀን የሚሄደው እንደ ጽሑፍ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 በእኛ አቆጣጠር «2018-02-05» ተብሎ ከተላከ፣ ጅቡቲ ያለው ሰው የሚያነበው የፈረንጆቹን የካቲት ነው። ትክክለኛው «2025-10-15» ነበር። ስለዚህ በፈረንጆቹ፣ ዓመቱን አስቀድሞ መላክ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለሱን ለስልኩ መተው ይሻላል።

ስልክ ቁጥርም በቁጥርነት ከተያዘ የ09 ዜሮዋ ትወድቃለች፤ እንደ ጽሑፍ ይላክ። ገንዘብ ደግሞ ያለ ስሙ አይሂድ። አንድ ዶላር 177.721 የጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ «150000» ብቻ ከተጻፈ ፍራንክ ይሁን ብር ማን ያውቃል?

እናንተም ስልካችሁ ላይ «0» ስታዩ መኪና ከመላካችሁ በፊት ትራንዚተራችሁን «ተሰልቶ ነው ወይስ ገና ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የአንድ ደቂቃ ስልክ ከአንድ ቀን የመኪና ኪራይ ይረክሳል።