ላም አለኝ በሰላም

«ሰላም» ከሚለው ቃል ፊት ያለውን ሰ ብታነሱት ላም ይቀራል። ዓለምንና ቀለምንም እንደዚሁ ብታደርጓቸው ሁለቱም ለም ይላሉ። ህልም አለ፣ ጨለማ አለ፣ ለምለም ደግሞ ጭራሽ ሁለቴ ይደግመዋል። ጎጃም ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደውን አስፋልት መንጋ ሲያቋርጠው፣ የጭነት መኪናውም ጥሩምባውን እየነፋ ሲጠብቅ ላየ ሰው፣ የከተማዋ ስም «የላም መንገድ» ማለት ነው ቢሉት ላይስቅ ይችላል። አገሩም ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው፤ ከጃቢ ጠህናን እስከ ቡሬና ወንበርማ መሬቱ ለም ነው፣ ላም የሌለው ጎጆም የሚታዘንለት ነው። የቃል ምንጭ አውቃለሁ ባዩ ታዲያ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ፣ «ሰላም ያለው ላም ያለው ነው፤ ዓለምም ዓለም የምትባለው ለም ስትሆን ነው» ይላል። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል። ነገሩ ያምራል፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው፣ ማማሩ ማስረጃ ስለሚመስል።

ሁለት ቃላት ፊደል ስለተጋሩ ዘመድ አይሆኑም። ዘመድ የሚያሰኛቸው ድምፁ ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር የሚለወጥበት ሥርዓት ነው፤ ያ ሥርዓት ደግሞ በአንድ ቃል ብቻ ታይቶ የሚቀር አይደለም። የእኛ ሰላም በዕብራይስጥ ሻሎም፣ በዐረብኛ ሰላም ነው። ይህ ብቻውን ቢሆን አጋጣሚ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን ስምን ዕብራይስጡ ሼም፣ ዐረብኛው ኢስም ይለዋል፤ ሰማይን ሻማይም እና ሰማእ ይሉታል፤ ሰማ የሚለው ግስም ሻማዕ እና ሰሚዐ ነው። እኛና ዐረቦች ሰ የምንልበት ቦታ ላይ ዕብራይስጡ ሸ እያለ ይቀጥላል። እንዲህ በረድፍ ሲመሰክሩ ነው እንግዲህ ዝምድናው የሚታመነው። በዚህ መንገድ ስንሄድ የሰላም እውነተኛ ቤተሰብ ብዙ ሆኖ ይወጣል፦ እስልምና፣ ሰለመ፣ ሙስሊም፣ ንጉሥ ሰሎሞን፣ ምእመኑ ደጀ ሰላም ቆሞ የሚሳለመው፣ አዲስ አበባ መርካቶ ጥግ ያለው መሳለሚያ ጭምር። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ከአንድ ግንድ የቆረጡት ቃል ነው። ላም ግን እዚህ ቤት ቦታ የላትም። የሰላም ሥር ሦስት ፊደል ነው፤ ሰ ከሦስቱ አንዱ ስለሆነ ሊነሳ አይችልም። ያነሳ ሰው ቃሉን ተረተረው እንጂ አልፈታውም።

የላም ነገር ግን የራሱ ጣጣ አለው። ግእዙ ላህም ነው፤ አማርኛ መካከል ያለውን ህ ውጦ ላም አደረገው። አሁን ደግሞ ቤተ ልሔምን አምጡ። ጌታ የተወለደው በግርግም ነው፣ ከብቶቹም በትንፋሻቸው አሞቁት ይባላል፤ እንግዲህ ቤተ ልሔም ቤተ ላህም፣ የላም ቤት ቢባል ምን ይጎድለዋል? ከዚህ የሚያጓጓ ወጥመድ አላውቅም። የጎደለችው አንዲት ፊደል ናት። ላህም የሚጻፈው በሃሌታው ሀ፣ ልሔም የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው፤ ዛሬ በጆሮ አንድ ይሁኑ እንጂ ጥንት ሁለት ድምፅ ነበሩ። በዕብራይስጥ ሌሔም ዳቦ ነው፤ ቤተ ልሔም የእንጀራ ቤት ነው። ይህንን የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ራሱ ይመሰክራል፤ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ስሟ ቤተልሔም ነው፣ ላም አይታሰርባትም። ዐረቦች ይህንኑ ቃል ለሕም ብለው ለሥጋ ሰጡት፤ አንዱ ዳቦ ሌላው ሥጋ ያለው፣ ለሁለቱም የዋናው ምግብ ስም ስለሆነ ነው። ሥጋው ከላም ይመጣ ይሆናል፤ ቃሉ ግን ከላህም አልመጣም።

ከሁሉ የሚጥመው አለመ የሚለው ነው። ቡሬ አካባቢ በቆሎው ሲያሽት ዝንጀሮና ከርከሮ እንዳይጨርሰው ገበሬው ማማ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ሰው «ሌሊቱን ሙሉ ሲያልም አደረ» ብትሉ ምን ሠራ ማለት ነው? ጠመንጃውን ደግኖ፣ ዓይኑን ከማሳው ጠርዝ ሳይነቅል አነጣጠረ፤ ወይም ጋቢውን ተከናንቦ እንቅልፉን ለጥጦ ህልም አየ። ከርከሮው ለየትኛው ትርጉም እንደሚጸልይ መገመት አያዳግትም። ሁለቱ ቃላት ዛሬ ልቅም ብለው አንድ ሆነዋል፤ አመጣጣቸው ግን ለየቅል ነው። የሚያንቀላፋው አለመ ግእዙ ሐለመ ነው፤ አማርኛ ሐን ሲጥል አለመ ቀረ፣ ህልም በሚለው ስም ላይ ግን አልጣለውም። የሚያነጣጥረው አለመ ደግሞ ከዓላማ ጋር የሚሄድ፣ ዐይኑ ዐ ያለበት ነው። አልሞ ተኳሽ ህልመኛ አይደለም። ዓለምም በዐይኑ ዐ ይጻፋል፤ ለዓለመ ዓለም ስንል እንደምንሰማው ከስፋት ይልቅ ዘላለምነትን የያዘ ጥንታዊ ቃል ነው፣ ዕብራይስጡም ዖላም ይለዋል። ለምነት ቢኖራት ባይኖራት ዓለም ዓለም ናት።

ጨለማ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ግእዙ ጸልመ ነው፣ ፄው ጨው እንደሆነ ሁሉ ጸው ጨ ሆነ። ቀለም ግን ሩቅ አገር ሰው ነው። የግሪኩ ካላሞስ ሸምበቆ ነው፤ ሸምበቆው ተቀርጾ መጻፊያ ሆነ፣ ዐረቦች ቀለም ሲሉ ብዕሩን ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ብዕር የሚል ስም ያለው መሣሪያ ስለነበር ቃሉ ወደሚጠቀስበት ፈሳሽ ወረደ፤ ከዚያ የግድግዳው፣ የጥለቱ፣ በመጨረሻም የትምህርቱ ስም ሆነ። የቀለም ቀንድ የምንለው ሊቅ፣ ቢነግሩት፣ ማዕረጉ ከወንዝ ዳር ሸምበቆ የተቆረጠ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጎጃሜ ተነስቶ «ቅኔያችንስ?» ማለቱ አይቀርም። መብቱ ነው። ዋሸራና ጎንጅን ያፈራ አገር ከፊደል መገጣጠም ላይ ነው ጥበቡን የሠራው፤ ኅብር የሚባለው አንድን ቃል በሁለት ፍቺ ማሳደር ነው፣ ውስጠ ወይራውም ሰሙና ወርቁም ያለዚህ አይቆሙም። ፊደል መጋራት ከንቱ ከሆነ እነዚያ ሊቃውንት ሲዋሹ ኖረዋል ማለት ነው? አይደለም፤ እንዲያውም ክርክሬን የሚያጠነክሩልኝ እነሱ ናቸው። ባለ ኅብሩ የማማውን ጠባቂ «ሲያልም አደረ» ሲለው ሁለት አለመ እንዳለ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሰሚውም ካላወቀ ቅኔው አይፈታለትም። ደስታው ያለው ባዕዳን በአንድ ልብስ ሲገናኙ ነው፤ ዘመዳሞች ቢሆኑማ ምኑ ይደንቃል? ያው የቅኔ ተማሪ ደግሞ ግስ ሲያጠና እያንዳንዱን ቃል ወደ ሥሩ ይመልሳል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ትልቁ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው፣ ቃላቱን የሚደረድረው በሥራቸው ነው። ማጋጠምና ማጥራት ሁለት ሙያ ናቸው፣ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። የዘመናችን የቃል ፈታኝ የቅኔውን ማጋጠም ወሰደ፣ የግሱን ማጥራት ቤቱ ጣለው፣ ከዚያም ግኝቱን ታሪክ ብሎ ሰየመው።

ሌላው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ከሆኑ ለምን እንሸከማቸዋለን? ሕዝቡ እንደሰማ ይጻፍ። ፊደል ይቀነስ የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው፣ ለሕፃናት ሸክም መሆኑም እውነት ነው። «ሠላም ሆቴል» ብሎ በንጉሡ ሠ የጻፈ ሰው ሲገጥመኝ ታፔላው ይውረድ አልልም፤ አልጋው እስከተነጠፈ ድረስ እንግዳው ያድራል። ግን ትርፍ የሚመስሉት ፊደላት የድሮ ግብይት ደረሰኞች ናቸው። ላህምን ከልሔም፣ ሐለመን ከዓላማ የለየሁት በእነሱ ነው እንጂ በጆሮዬ አይደለም። ንጉሡ ሠ በዕብራይስጥ ሌላ ድምፅ ይዞ ይሄዳል፣ በዐሥር እንደሚታየው፤ ሰላም ግን ምንጊዜም በእሳቱ ሰ ነው። ለመጻፍ ማንም እንዳሻው ያድርግ፤ ምንጭ እቆፍራለሁ የሚል ሰው ግን ደረሰኙን ቀዶ ሒሳብ ሊያወራርድ አይችልም።

የቦታ ስም ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል። ፍኖተ ሰላም ቀላሏ ናት፤ ወጀት ትባል የነበረች ከተማ በግእዝ የተሰጣት ስም ነው፣ ፍኖት መንገድ፣ ሰላምም ከላይ ያየነው። መንቆረርም እንዲሁ ደብረ ማርቆስ ሆናለች። እንዲህ ዓይነቱ ስም አውጪ ስላለው ሥሩን ደጅ ላይ ይዞ ይቆማል። ቡሬ ግን ከባድ ነው። ቡሬ የበሬ መልክ ነው፣ ዝንጉርጉሩን በሬ አራሹ በዚህ ስም ይጠራዋል፤ ከተማው በአንድ ቡሬ በሬ ተሰየመ ቢባል ለጎጃም ጆሮ ምንም አይጎረብጥም። ነገር ግን ኢሉባቦር ውስጥ ቡሬ አለ፤ አፋር ውስጥ፣ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሌላ ቡሬ አለ። ሦስቱም በሁለት ፊደል አንድ ናቸው፤ ደኑ፣ በረሃውና የበቆሎው ማሳ ግን አይገናኙም። የጎጃሙን በሬው ሰይሞት ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም ሰይሟል የሚል ቢመጣ ግን ፊደሉን መልሶ እንዳያሳየን፤ በሬውን በየት በኩል እንደነዳው ያሳየን።