ጦም ያደረ ብሎክ

ጥር ሲገባ ደብረ ታቦር ሰርግ በሰርግ ትሆናለች። በዚያ ሰሞን አንድ ፎቶ አንሺ ሜሞሪውን ጨብጦ መጣ። "ጋሼ፣ የሰርጉ ፎቶ ጠፋብኝ፤ ሙሽሮቹን ምን ልበላቸው?" "እስቲ መጀመሪያ ሌላ ፎቶ አታንሳበት" አልኩት።

ባለ 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ብዙውን ጊዜ ፋይል የሚያስቀምጠው ኤክስፋት በሚባል የፋይል ሥርዓት ነው። ኤክስፋት ደግሞ ቦታውን በቢትማፕ ይመዘግባል፤ ለአንድ ክላስተር (ለአንድ ቁራሽ ቦታ) አንዲት ቢት፣ 1 ከሆነች ተይዟል፣ 0 ከሆነች ክፍት ነው። "ዲሊት" ሲባል 1 የነበሩት 0 ይሆናሉ፣ የፋይሉም ስም "የለም" ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ሙሽራይቱ ግን ካባዋን እንደደረበች እዚያው ናት። አብዛኛው ፎቶ ተመለሰለት።

ይህ የቢትማፕ ብልሃት ከየት መጣ? ሲ ቋንቋ ያደገበት ዩኒክስ የተባለው ስርዓተ ክወና እንኳ ለዓመታት አልተጠቀመበትም። ክፍት ብሎኮችን፣ ማለትም የዲስኩን ባዶ ቁራሾች፣ በሰንሰለት ነበር የሚይዘው። ፋይል ሲፈጠርና ሲሰረዝ ሰንሰለቱ ይተበተባል፣ የአንድ ፋይል ብሎኮችም ይበታተናሉ። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማክኩሲክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እንደጻፉት፣ በሰከንድ 175 ኪሎባይት የነበረው ፍጥነት ከጥቂት ሳምንት አገልግሎት በኋላ ወደ 30 ይወርድ ነበር። እነሱም ሰንሰለቱን ጥለው ቢትማፕ አስገቡ። ፈጠራው የእነሱ አይደለም፤ የአፕል ዶስ እ.ኤ.አ. በ1978 ይዞት ወጥቷል። ጥቅሙ ግን ከጉና ተዳፋት ቁልቁል ለሚያይ የፋርጣ ገበሬ ግልጽ ነው፦ የተዘራውና ጦም ያደረው ማሳ፣ የቱ ከየቱ እንደሚዋሰን ጭምር፣ ባንድ እይታ ይለያል።

በቢትማፕ ላይ አንድ ብሎክ መያዙን ለመመዝገብ በሲ ጥቂት መስመር ይበቃል። ብሎክ 1300ን ለ8 ስታካፍል 162 ደርሶ 4 ይተርፋል፤ ከዜሮ እየቆጠርክ በባይት 162 ውስጥ ቢት 4ን በ"ኦር" ታበራለህ። ወጪውም ኢምንት ነው። የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት በሆነው በኤክስት2፣ ባለ 4096 ባይቱ አንድ ብሎክ 32768 ቢት ስለሚይዝ የ128 ሜጋባይት ቦታ መዝገብ ይሆናል።

ጉዱ የሚወጣው መብራት ሲሄድ ነው። ፋይሉ ብሎኩን ወስዶ፣ ቢቷ ሳትበራ ሁሉም ድርግም! መብራት ሲመጣ ኢቱኤፍኤስሲኬ የሚባለው ፕሮግራም የቢትማፑን ቃል አይቀበልም። ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየዞረ የያዙትን ብሎክ ይመዘግባል፣ የራሱን ቢትማፕ ይሠራል፣ ከአሮጌው ጋር ያስተያያል፣ ያልገጠመውን ያርማል። ሁለት ፋይሎች አንድ ብሎክ "የኔ ነው" ካሉም ብሎኩን ገልብጦ ለየራሳቸው ያድላቸዋል፤ የወረዳችን የመሬት ዳኞች ይህን ቢሰሙ በቅናት ያብዳሉ።