ሚኒሞ ላይማ ሁሉም ሞተር ጎበዝ ነው

ባህር ዳር ሄዳችሁ ጀልባ ተከራይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ትርኢት ታውቁታላችሁ። ነጂው ገመዱን ይስባል፣ ሞተሩ ድ…ድ…ድ… ብሎ ይነሳል፣ ከዚያ አንድ ሁለቴ ነዳጅ ሰጥቶ ያስጮኽላችኋል። «ሰማችሁት? እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው!» እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ ድምፅ ካማረ ሌላ ጥያቄ የለንም። ያገለገለ መኪና ስንገዛም እንዲሁ ነን። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሞተሩ ቆሞ ይጮኻል፣ አምስት ሰው ከብቦ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ቀብድ ይከፈላል።

ቆሞ የሚጮኽ ሞተር ግን ገና ምንም አልተጠየቀም። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ሚኒሞ ላይ ሆኖ በሰዓት የሚጠጣው አንድ ሁለት ሊትር ቢሆን ነው። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ግን 15 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ቤንዚን የሚያልፍበት መንገድ ግማሹ ቢደፈን ወደብ ላይ ማን ያውቅበታል? ማንም! ጉዱ የሚወጣው ሰውና ዕቃ ተጭኖ፣ ማዕበል ፊት ለፊት እየመጣ፣ ሞተሩ «በል ጉልበትህን አሳየን» ሲባል ነው። መካኒኮች ለዚህ በሽታ ስም አላቸው፤ «ይቆራርጣል» ይሉታል።

የእኛው የቆራረጠው የካቲት 16 ቀን 2011 ዓ.ም ነው። ሦስታችን ለኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄደን ነበር። ጠዋት ስንሄድ ጀልባዋ ግማሽ ባዶ ነበረች፣ ሐይቁም እንደ መስታወት የተኛ ነበርና ሞተሩ ምንም አላለም። ስንመለስ 9 ሰዓት ሆኗል። ጣናን የሚያውቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚነሳ ያውቃል። ጀልባዋ ላይ ነጂውን ሳይጨምር 14 ሰው አለ፣ አብዛኞቹ ነጠላ የለበሱ እናቶች፤ መሃል ላይ ደግሞ ሁለት ጆንያ የዘጌ ቡና። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ቆጠርን። አምስት። አንዱ ዚፑ አይሠራም።

ከዳርቻው ራቅ እንዳልን ነጂው (የእኛ እኩያ ልጅ ነው) ሙሉ ነዳጅ ሰጠው። ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተምዘገዘገና እንደ ጉንፋናም ሰው እህ…እህ… ብሎ ጉልበቱ ወረደ። ሲቀንስለት ይድናል፣ ሲጨምርለት ያንቀዋል። ጀልባዋ በዘገየች ቁጥር ማዕበሉ በጎን እየመጣ ያጥበናል። አንዲት እናት ጸሎት ጀመሩ።

የሐበሻ ጀልባ ላይ ደግሞ መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም! «ካንዴላው ነው» አለ አንዱ። «ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበታል» አለ ሌላው። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «እምቦጭ ተጠምጥሞበት ነው» አለ። (እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ በ2011 ዓ.ም ገና ሰባት ዓመት ገደማው ነበር፤ የከፋበትም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በኩል ነው። ነገር ግን ጣና ላይ የተበላሸ ሁሉ በእምቦጭ ይሳበባል።) ነጂው የካንዴላ መፍቻውን አወጣ። የሚጨክን አንጀት ቢኖረን ኖሮ፣ ሐይቅ መሃል የጋለ ሞተር ሊፈታ ሲል ፎቶ እናነሳው ነበር።

«ቆይ ልጄ፣ አትፍታው» አሉ አንድ ሽማግሌ። በዓሉን ሲያከብሩ ውለው የሚመለሱ፣ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የፈጁ ሰው መሆናቸውን ያወቅነው ቆይተን ነው። መፍቻም አልጠየቁ። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው የሞተሩን ጎን አዩ። ከማቀዝቀዣው የምትወጣው ቀጭን ውኃ እየወረደች ነው፣ በእጃቸው ነኳት፣ አላቃጠለቻቸውም። ስለዚህ ሞተሩ ከመጠን በላይ አልጋለም። ካንዴላ ሞቶ ቢሆን ሚኒሞም ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይሄ ሚኒሞ ላይ ለስላሳ ነው። ፕሮፔለሩ ከዘንጉ ጋር መያያዣው ላልቶ ቢሆን ደግሞ ሞተሩ ይጮኽና ጀልባዋ አትሄድም ነበር፤ የእኛው ግን ድምፁም ፍጥነቱም አብረው ነው የሚወድቁት። እንግዲህ የቀረው ምግብ ነው። ርቦታል።

ከታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ መሃል እንደ ደም ግፊት መለኪያዋ የምትጨመቅ የጎማ ኳስ አለች። «ሲያንቀው ነዳጁን አትቀንስ» አሉትና ኳሷን በእጃቸው ጨመቋት። ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ነፍስ ዘራ! ሲለቋት ተመልሶ አነቀው። ኳሷ ደግሞ ስትለቀቅ ቶሎ አትነፋም፤ ጠፍጣፋ ሆና፣ ከውስጥ እንደተሳበች ትቀራለች። እኛን የማረከን ይሄ ነው። ኳሷ ጠንክራ ሞተሩ ቢራብ ኖሮ የተደፈነው ከእሷ ወዲህ፣ ሞተሩ ጋ ያለው ፊልትሮ ወይም ካርቡሬተሩ ነው ማለት ነው። ጠፍጣፋ ከሆነች ግን ፖምፓው ይስባል፣ ታንኩ አይሰጥም። ለፍለጋ የቀረው ከኳሷ እስከ ታንኩ ያለው ነው፤ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው።

የታንኩ ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ብሎን አለች። ቤንዚን እንዳይሸት እየተባለ ብዙ ጊዜ ትዘጋለች፤ አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚን አይወጣም። አዩዋት፣ ክፍት ናት። ቱቦው ላይ ቡናው ተጭኖ ይሆን? አልተጫነም።

ነጂው «ግዴለም ጋሼ፣ እያነከሰም ቢሆን ያደርሰናል» አለ። ሽማግሌው የተቆጡት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል፣ ያነሰው ቤንዚንም ከአየር ጋር ሲነድ ሙቀቱ ይብሳል። ሙሉ ነዳጅ እየሰጡ በዚያ ሁኔታ መንዳት ፒስተኑን ማቅለጥ ነው። ያኔ ማነከስም የለም።

ሞተሩ ጠፋ። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ በገመድ የታሰረች ድንጋይ ወርዳ ያዘችን፤ አፍንጫችን ወደ ማዕበሉ ዞረ። (ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ላይ ሞተር ጠፍቶ ዝም ሲል የሚሰማውን ጸጥታ ለጠላታችንም አንመኝም።) ሲጋራ የያዘ ሰው እንዲያርቅ ተነገረ፣ ቤንዚን የሚስበው ዘንግ ከታንኩ ተፈታ። ጫፉ ላይ ያለችው ወንፊት ግራጫ ጋቢ ለብሳለች። እውነተኛ ጋቢ! ክር በክር የተደወረ።

ክሩ ከየት መጣ? ነጂው ቤንዚን የሚቀዳው ከጄሪካን ነው። ቆሻሻ እንዳይገባ እያለ በአሮጌ ጨርቅ ያጠልላል። የጨርቁ ብናኝ ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ወንፊቷን ለብሷት ኖሯል። ከመንገደኞቹ አንዷ የጥርስ ብሩሽ አወጡ፣ ተፋቀ፣ ተገጠመ። ሞተሩ ተነሳ፣ ሙሉ ነዳጅ ተሰጠው፣ አልቆራረጠም። እልልታው እስከ ባህር ዳር ሳይሰማ አልቀረም።

እኛን እስከ ዛሬ የሚከነክነን ግን ካንዴላው ነው። ልጁ በዚያው ወር ሁለት ጊዜ ቀይሮ ነበር። ሁለት ጊዜ! ካንዴላ ሁሉም መለዋወጫ ሱቅ አለ፣ በአንድ መፍቻ ይፈታል፣ የቀየረውም ሰው አንድ ነገር የሠራ ይመስለዋል። ከሱቁ የገዛው «ምን ሲሆን ነው የሚቆራርጠው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የበሽታው ምልክት ሳይጠየቅ መድኃኒት ይሸጣል። የሁለት ቀን ገቢው ሄዷል፣ ያውም ምንም ላልሆነ ዕቃ።

ወደቡ ሲቃረብ ልጁ የልቡን ጠየቀ። ደህና ሲሆንስ ለምንድን ነው ሲሸጡለት የነገሩትን ያህል የማይሮጠው? ሽማግሌው ሳቁ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አራት አምስተኛው ያህል ነው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ካነሰ ጉልበቱም ያንሳል። 40 ተብሎ የተሸጠው እዚህ 33 ፈረስ ቢወጣው ነው፣ እሱም ጤነኛ ከሆነ። ለዚህ መድኃኒቱ በአንድ ዙር ውኃውን ብዙ የማይገፋ፣ ማለትም ምላጩ ብዙ ያልተጠመዘዘ ፕሮፔለር ነው፤ ሞተሩ ሸክሙ ይቀልለትና ዙሩን ያገኛል። ካርቡሬተሩም ለከፍታው ይስተካከላል።

«ፕሮፔለሩ ስንት ነው ጋሼ?»

ነገሩት። ዝም አለ። ከዚያ ጀልባዋን እያሰረ «ለቤንዚኑ የምትሆን ደቃቅ የሽቦ ወንፊትስ?» አላቸው።