ባለቤቴ በ11 ዓመት ይበልጠኛል፤ ጡረታ መቼ ልውጣ?

የጡረታ ነገር ሲነሳ ሰው የሚቆጥረው የራሱን ዕድሜ ነው። እኔ 54 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ 65 ሞልቶታል። እስከ 60 ብጠብቅ እሱ 71 ይሆናል። በእኛ ቤት የሚቆጠረው ሁለታችንም በእግራችን ጸንተን አብረን የምንቆይበት ዘመን ነው።

እሱ ጡረታ ከወጣ አምስት ዓመት ሆነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤቱን ሲጠግን፣ ሲቀባ፣ ለዕድሩ ሲላላክ ዋለ። ከዚያ ሥራው አለቀ። አሁን ጠዋት እኔ ቢሮ ስገባ እሱ ብቻውን ይቀራል። ስኳር አለበት፤ መድኃኒቱን አያስተጓጉልም፤ ምሳውን ግን ብቻውን መብላት አይወድም፤ ብዙ ቀን ሳይበላ ይጠብቀኛል። ወደ ተወለደበት መንዝ ሄዶ ወራት መቆየት ይመኛል። ያለ እኔ አይሄድም፤ እኔ ደግሞ በዓመት ፈቃድ ወራት ማግኘት አልችልም። «ስለ እኔ ብለሽ እንዳትወጪ፤ እኔ የትም አልሄድም» ይለኛል። ይህን ሲል ነው ይበልጥ የምጨነቀው።

ሕጉ መንገድ ይሰጣል። ለመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው፤ ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ግን በራሱ ፈቃድ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ55፣ አበሉን እያገኘ መውጣት ይችላል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እኔ የተቀጠርኩት በ1988 ዓ.ም. ነው። በ55 ዓመቴ፣ በ2019፣ ብወጣ 56.25 በመቶ፤ በ60 ዓመቴ፣ በ2024፣ ብወጣ 62.5 በመቶ ይደርሰኛል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሚመስል፣ መቶኛውን ብቻ ያየ ሰው በ55 ይወጣል።

ዋናው ነገር ግን መቶኛው የሚባዛበት ደመወዝ ነው። የሚወሰደው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ነው። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሽሏል፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ በዲግሪ አዲስ ለሚቀጠር ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በ2019 ለምትወጣ ሴት አማካዩ ውስጥ አሮጌው ደመወዝ ገብቶ ያወርድባታል። አዲሱ ደመወዝ ሦስት ዓመት የሚሞላው 2020 ሲያልቅ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ሌላውስ ማን ይነግረዋል?

ከዚህ የሚከብደው የሚቀጥለው ነው። «እሱ ቢቀድመኝስ?» ስል እህቶቼ «ኧረ አታሟርቺ!» ብለው ያስቆሙኛል። ሟርት አይደለም። በ11 ዓመት የምታንስ ሚስት ብቻዋን የምትቀርበት ዘመን ረጅም ሊሆን እንደሚችል አውቆ መዘጋጀት ነው። ባል ሲሞት ለሚስት የሚተላለፈው የጡረታው ግማሽ ነው። ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ዘይቱ ግን በግማሽ አይቀንሱም። የአሁኑ ችኮላ ከአበሌ የሚያጎድለው ብር የሚያስፈልገኝ ያኔ፣ 75 ዓመት ሲሆነኝ፣ ተጨማሪ ሥራ መሥራት በማልችልበት ጊዜ ነው። እሱን የምወድ ሴት ስለሆንኩ ይህን አላስብም ማለት አልችልም፤ እሱም አስቢው ብሎኛል። አንድ ማታ ደብተር ይዘን ተቀምጠን ሁሉንም አሰላነው። እሱ ነው ቁጥሩን የጻፈው።

ወሰንን። በመስከረም 2021፣ በ57 ዓመቴ፣ እወጣለሁ። አገልግሎቴ 33 ዓመት ይሞላል፤ 58.75 በመቶ አገኛለሁ፤ አማካዩም ሙሉ በሙሉ በአዲሱ ደመወዝ ይሰላል። እሱ 68 ይሆናል። እስከ 60 ብቆይ ገንዘቡ ይበልጥ እንደነበር አውቃለሁ። ሦስቱን ዓመት ግን ለመንዝ ሰጥቻቸዋለሁ፤ አልቆጭም።

በዕድሜ ተራርቃችሁ የተጋባችሁ ሁሉ፣ ይህን ንግግር «ሟርት ነው» ብላችሁ አታሳድሩት። ሁለታችሁም የጡረታ ማኅደራችሁን አስወጥታችሁ እዩ። የልደት ዘመናችሁ በትክክል መጻፉን፣ ቀድሞ የሠራችሁበት መሥሪያ ቤት አገልግሎት መያዙን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የጋብቻ ማስረጃችሁ መያያዙን አረጋግጡ። ባልና ሚስት አብረው እያሉ ይህን ማስተካከል ይቀላል።