እናቴ ኢዜራን በር ላይ

እናቴ ከጫጫ ፈረንሳይ፣ እኛ ወደምንኖርባት ሊዮን የገባችው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር። ሻንጣዋ ውስጥ ልብሷ ጥቂት ነው፤ የቀረው የገብስ ቆሎ፣ በሶና አንድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነበር። ልጆቼ ወዲያውኑ «ወደ ተራራው እንውጣ» ብለው ያዙን። እሷ ግን «ፍልሰታ ሳይፈታ የትም አልሄድም፤ በሰው አገር ጾሜን አላበላሽም» አለች። ስለዚህ ጾሙ እስኪፈታ ጠበቅን። ደግ አደረገች። ወተትና አይብ ሳይቀምሱ የሳቮይን ተራሮች ማየት ግማሹን አለማየት ነው።

አምስት ሆነን በአንድ መኪና ተነሳን። እኔና ባለቤቴ ከፊት፣ እናቴ በሁለቱ ልጆች መሃል ከኋላ። ሊዮን ሮንና ሶን የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ እናቴ ከድልድዩ ላይ ቁልቁል አይታ «ይኼ ሁሉ ውኃ በበጋም አይጎድል?» ብላ ጠየቀች። አይጎድልም ስላት ዝም አለች። ዝምታዋ ገብቶኛል፤ የጫጫ ሰው በበጋ ውኃ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል።

በሰፊው አውራ ጎዳና ላይ ልጆቹ እንዳይሰለቹ የአንድ ፈረንሳዊ ታሪክ ነገርኳቸው። ሮሼ ዴሪኩር ይባላል፤ የምሥራቅ ፈረንሳይ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ታጁራ ወደብ ላይ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ ከግመል ቅፍለት ጋር አቋርጦ አንኮበር ወጣ፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴንም አገኘ። ሁለተኛ ተመልሶ በመጣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1843፣ በንጉሡና በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ ፊሊፕ መካከል ውል ተፈረመ። ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ አንጎለላ ላይም ይቀመጡ ነበር፤ አንጎለላ ደግሞ የእናቴ ጎረቤት ነው፤ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ጫጫ ናትና። ውሉ በተፈረመ በዓመቱ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ ምኒልክ እዚያው አንጎለላ ተወለዱ። ልጄ «እንግዲያ ፈረንሳዮች የአያቴን አገር ከእኛ በፊት አይተውታል ማለት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ አሁን የምንሄደው የእሱን መንገድ ገልብጠን ነው።

አንሲ ሐይቁ ዳር ምሳ በላን። ውብ ከተማ ናት፤ ሰው ግን ይበዛል፤ ብዙም አልቆየንም። ልቤ ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ባለው በቶን ሸለቆ ነበር። እዚያ ረብሎሾን የሚባል አይብ ይሠራል። አንዲት ባለ ላም ሴትዮ አንዱን ክብ አይብ ለሁለት ሰንጥቃ ሰጠችን፤ ቆዳው ቢጫ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ሽታው ከበድ ያለ ነው። እናቴ አሽትታ ፊቷን ጨምደድ አደረገች፤ ከቀመሰችው በኋላ ግን ሁለተኛ ቆረሰች።

የስሙን ነገር ስተረጉምላት ነው ሙሉ በሙሉ የተቀየረችው። በመካከለኛው ዘመን የዚያ ሸለቆ ገበሬ ለባለመሬቱ የሚከፍለው በወተቱ ልክ ነበር። ሰፋሪው በሚመጣበት ቀን ገበሬው ላሟን አልቦ አይጨርስም፤ ሰፋሪው ከሄደ በኋላ ተመልሶ ያልባል። ያ በግቷ የቀረው ወተት ቅባቱ ብዙ ነው፤ አይቡ የተሠራው ከእሱ ነው፤ ስሙም ከዚያ ከሁለተኛው እልበት የመጣ ነው። እናቴ ጉልበቷን መታ አድርጋ «አባቴም አሥራት ሰፋሪ መጣ ሲባል ገብሱን ጉድጓድ ያወርድ ነበር!» አለች። ሴትየዋ ቋንቋውን ባትሰማም ነገሩ ገባት መሰለኝ፤ የእናቴን እጅ ያዘች። ይህ አይብ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ስሙ በሕግ ተጠብቆለታል። ከአካባቢው ውጭ ያለ ሰው ሠርቶ በዚህ ስም መሸጥ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1992 የክረምት ኦሎምፒክ የተካሄደባትን አልበርቪልን በመስኮት አይተን አለፍን። ከቫል ዲዜር በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ ይወጣል። ፈረንሳዮች «ኮል» የሚሉት እኛ «በር» የምንለውን ነው፤ ጣርማ በር እንደምንለው። ኢዜራን በር በአልፕስ ተራሮች ላይ አስፋልት ካላቸው በሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1937 ተመረቀ፤ በረዶ ስለሚዘጋው ክፍት የሚሆነው በበጋቸው ወራት ብቻ ነው።

አናቱ ላይ ከመኪናው ስንወርድ ነፋሱ ይገርፋል። ባለቤቴን ራሷን ያዛት። እናቴ ልጆቹን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ፣ ጋቢዋን አጣፍታ፣ ረጋ ብላ ትራመዳለች። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት ሰሌዳ ላይ 2,764 ሜትር ይላል። «እዚህ ምን ይዘራሉ?» አለችኝ። ምንም እንደማይዘራ፣ ሰውም እንደማይኖርበት ነገርኳት። አላመነችኝም። «ገብስ እንኳ?»

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። ያን ጊዜ ነው ቁጥሩ የከበደኝ። እዚህ ዓለም መጥቶ የሚያደንቀው ጫፍ፣ ሣርና ድንጋይ ብቻ የቀረበት ከፍታ፣ እኛ ዘንድ ሰው ተወልዶ የሚያድግበት፣ ገብስና ባቄላ የሚታጨድበት፣ ገበያ የሚቆምበት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ብርዱ ከዝቅታው ይጀምራል፤ በአልፕስ ዛፍ እንኳ 2,000 ሜትር ካለፈ ብዙ አይርቅም። ቢሆንም እንደ እኔ በልጅነቱ ውርጭ በእግሩ የረገጠ ሰው እዚያ ሰሌዳ ሥር ሲቆም ደረቱ ይሞላል።

በሩ ላይ እ.ኤ.አ. በ1939 የተሠራች ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት አለች፤ በእመቤታችን ስም ናት፤ መንገደኛን ከአደጋ እንድትጠብቅ ይለመኑባታል። እናቴ «ታቦት አላት?» ብላ ጠየቀች። የካቶሊኮች መሆኗን ነገርኳት። «እመቤታችን እመቤታችን ናት» ብላ ግንቧን ተሳለመች።

በሌላው ጎን ቁልቁል ስንወርድ ቦንቫል የምትባል መንደር ደረስን። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያውም ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ድሮ ሰውና ከብት ክረምቱን በአንድ ቤት፣ በአንድ ትንፋሽ ያሳልፉ ነበር። አንድ ሰገነት ላይ ጠቆር ያሉ ጡብ የሚመስሉ ነገሮች ተደርድረዋል። እናቴ ቀና ብላ አየችና በጣቷ አሳየችኝ፦ «ኩበት!»

አልተሳሳተችም። እዚያ ከፍታ ላይ እንጨት እንደ ልብ ስለማይገኝ የመንደሩ ሰው በጋጣው ወለል ክረምቱን ሙሉ የተረገጠውን የበግ በጠጥ በጸደይ እየቆረጠ፣ ሰገነት ላይ እያደረቀ ያነድ ነበር። ዛሬ መንደሩ ሌላ ማገዶ አለው፤ ኩበቱን ግን አልጣለውም። አያቶቻችን በዚህ ሞቀው አሳደጉን ብሎ ለእንግዳ ያሳያል። እናቴ ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ኩበት ጠፍጥፋለች፤ በዚያ እሳት የተጋገረ እንጀራ ነው ያሳደገኝ። እኔ ግን ከተማ ገብቼ ስማር በጭስ የጠቆረውን ቤታችንን ለጓደኞቼ መናገር አፍር ነበር። ይህን እዚያው ነገርኳት። «ታዲያ ምን ያሳፍራል? ሞቆህ አልነበር?» አለችኝ።

ጫጫ የወተት አገር ናት። ወተቷ በየማለዳው እየተጫነ አዲስ አበባ ይገባል። እኔ ግን የጫጫ የሚል ስም ያለበት አይብ ገዝቼ አላውቅም። የቶን ገበሬ ከግፍ የሸሸገውን ወተት ስም ሰጥቶ ልጆቹን እያኖረበት ነው። የእናቴ መንደር ገብስና ወተት እንዲህ ያለ ስም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ላሞቹም፣ ብርዱም፣ ሙያ ያላቸው እናቶችም አሉ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የምታሽከረክሩ ሁሉ፣ ጫጫ ስትደርሱ እባካችሁ ቆም በሉና ልጆቻችሁን አውርዱ። አንጎለላ የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ገብሱን አሳዩአቸው። በኢዜራን በር ከፍታ ገደማ ላይ ቆማችኋል። ደብረ ብርሃን ስትገቡ ደግሞ አልፋችሁታል።